በብረት ቆብ የተሠራ ሽሮ

እኔ ሰነፍ ተብዬ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። አንድ ጊዜ ግን ዝም ብያለሁ። ሰባተኛ ሰፈር ገበያ ውስጥ ቅመም ስሸጥ ነው። ማንበብ ያስተማረኝ ቅመሙን የምጠቀልልበት ጋዜጣ ነው፤ ጨው ነጋዴው ጎረቤቴ ጋሼ ሸምሱ እንኳ ወሬውን የሚሰሙት እኔ ሳነብላቸው ነበር። የወታደር የሥዕል ቀልድ የወጣበትን ገጽ ግን አልጠቀልልበትም። ልጄ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም፤ ቀልዱን እየቀደድኩ ሚዛኑ አጠገብ እለጥፋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ለእረፍት የመጣ ወታደር ለእናቱ ኮረሪማ ሊገዛ መጣ። የልጄ እኩያ ነው። የተለጠፈውን ሲያይ ብቻውን ሳቀ። ቀልዱን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ወፍራሙ ወታደር በብረት ቆቡ ሽሮ ሲሠራ ድንገት አለቃው ሰልፍ ይጠራል፣ ደንግጦ ቆቡን ከነሽሮው ራሱ ላይ ይደፋዋል።

«ምን ይላል ልጄ? እኔ ማንበብ አልችልም» አልኩት።

ጋሼ ሸምሱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። አፈጠጥኩባቸውና መልሰው ዘጉት።

ልጁ እንደ አለቃው ድምፁን እያጎረነነ፣ ሳቁ እያቋረጠው አነበበልኝ። ሲጨርስ አዘነልኝ።

«ምነው እትዬ፣ መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው እያለ! አይስነፉ እንጂ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ልክ ልኩን ነግሬ እሸኘው ነበር።

«እሺ ልጄ፣ እመዘገባለሁ» አልኩት። «ብቻ እስቲ አንዴ ድገምልኝ።»