ከኮረብታው የተጫነው አፈር

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ይህን ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለኬኩም አመሰግናለሁ። ስሜ ላዩ ላይ ተሳስቶ መጻፉን አይቻለሁ፤ ግድ የለም፣ ቢላዋ ሲገባበት ይስተካከላል። ለአበባውም አመሰግናለሁ። ለንግግሮቹ ግን አላመሰግንም። ምክትል ዳይሬክተሩ አሁን ተነስተው «ለሁላችንም እንደ እናት ናት» አሉ። እናታችሁን መስኮት በሌለው የምድር ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ የምታስቀምጡት?

ሳቁ እንጂ! ምን ያስፈራችኋል? እኔ እንደሆንኩ ወጪ ነኝ።

መድረክ መሪው «አጠር አድርጊው» ብሎኛል። እዚህ ቤት ዕድሜዬን የጨረስኩት አለት እንዴት አፈር እንደሚሆን ሳጠና ነው። ማሳጠር የማይወድ ነገር ነው። ቢሆንም እሞክራለሁ።

አዲስ የተቀጠራችሁ አላችሁና ለእናንተ ከሥሩ ልጀምር። መሥሪያ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ አለው፤ የጥናት ጣቢያችን ነው። በግትርነቱ «ጉልቻው» እያልን የምናማው የመጀመሪያው አለቃዬ ሥራ የጀመርኩ ዕለት እዚያ ወሰደኝና አንድ ገላጣ ድንጋይ ፊት አቆመኝ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«ድንጋይ» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነው። አትረብሺው» አለኝ።

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ድንጋይ ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሲመሽ ብርድ ያኮማትረዋል። ይህ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ዝናብ ይገባል። ዝናብ ደግሞ የዋህ አይምሰላችሁ፤ ከአየሩ ኮምጠጥ ብሎ ይወርድና ጠንካራውን ማዕድን ቀስ እያለ አሟሙቶ ሸክላ ያደርገዋል። ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል። ቀይ አፈር ስትረግጡ የምትረግጡት ያንን ዝገት ነው። ከላይ የድንጋይ ሽበት የሚባለው ግራጫ በቃይ ይወጣበታል፤ እሱም በበኩሉ ድንጋዩን ይበላዋል። የዛፍ ሥር ይገባና ይፈነቅለዋል። ቅጠል ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ ትል ያገላብጠዋል። የቅድመ አያቶቻችሁ ቅድመ አያት ሲወለዱ የተጀመረ አፈር ዛሬ የጣት ውፍረት ቢሞላ ፈጥኗል ነው የሚባለው።

ይህን ሁሉ እዚህ ካለው ሰው ግማሹ በዲግሪ ያውቀዋል። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ይህ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ፊት ለፊቱ የግንባታ ፍርስራሽ ነበር። ለምረቃው እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ስብሰባ ተጠራን።

«ፊት ለፊቱ ሣር መሆን አለበት» አሉ ክቡር ዳይሬክተር። «ኮረብታው ላይ አፈር አለን አይደል? ከዚያ ይምጣ።»

ተነሳሁ። «ክቡር ዳይሬክተር፣ ያ የጥናት ቦታ ነው። ከግርጌው ደግሞ ሰው ያርሳል። አፈሩ ከተገፈፈ ዝናቡን የሚይዘው የለም» አልኩ።

«አፈር ነው እኮ!» አሉ። «አፈር አለቀብን ብሎ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ምን ያህል እንደሳቃችሁ ታስታውሳላችሁ? እኔ አስታውሳለሁ። ሳቁ በረድ ሲል «እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ተሳስተሻል ይበለኝና ልቀመጥ» አልኳችሁ። ማንም ተሳስተሻል አላለኝም። ልክ ናት ያለም የለም። የላቦራቶሪ ኃላፊያችን፣ አዎ አንተን ነው፣ ከእኔ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ናሙና ስትለቅም የኖርክ ሰው፣ አንገትህን ደፍተህ ስልክህን ታይ ነበር። ስልኩ እኮ ጠፍቶ ነበር። አጠገብህ ነበርኩ፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ የገዛ ፊትህን ነበር የምታየው።

ዶዘሩ ወጣ። ገልባጭ መኪኖቹ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ጉልቻው «አትረብሺው» ያለኝ ቦታ አጥንቱ እስኪታይ ተጋጠ። እዚህ ታች ሣሩ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። እንደ ድሮው የሚጠጣው አፈር አላገኘም። ያገኘውን ኮረት ሁሉ እየገፋ ወርዶ ከግርጌው ያለውን ማሳ ሞላው።

የማሳው ባለቤት በማግስቱ እዚህ በራችን ላይ ቆሙ። ጥበቃው እንደታዘዘው «ቀጠሮ አለዎት?» አላቸው።

«ጎርፉ ቀጠሮ ይዞ ነው እንዴ የመጣብኝ?» አሉት።

ቆመው ዋሉ። ሁላችሁም በመስኮት አይታችኋቸዋል። የሕዝብ ግንኙነቷ ባልደረባችን፣ አንቺ መጋረጃውን ስትጎትቺ ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ሲንሿሹ ሰምቻለሁ። ፀሐይ በዝቶብሽ ነው አይደል? ዕለቱ ደመና ነበር።

ወርጄ አነጋገርኳቸው።

«እህቴ፣ ማሳዬን ድንጋይ ዋጠው» አሉኝ። «ልጆቼን ምን ላብላቸው? ጠጠር ልፍጭላቸው?»

«ክሰሱን» አልኳቸው።

«ማንን?»

«እኛን። እኔ እመሰክራለሁ።»

«እኛን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የዚህ ቤት ሰው ነበርኩና። ይኸው ቃል አለቆች ጆሮ ደርሶ በሳምንቱ ከነወንበሬ ምድር ቤት ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ሊፍት ውስጥ ስታገኙኝ የቁጥር መብራቱን እያያችሁ መሄድ ለመዳችሁ። ሰላምታችሁን ሳይቀር ከእኔ ጋር ምድር ቤት አወረዳችሁት።

የምስክርነቱ ቀን መኪና ጠየቅሁ፤ «የለም» ተባልኩ። ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል! ሾፌራችን አንዱን አስነስቶ አጠገቤ አቆመና «እትዬ ይግቡ» አለኝ። «ያባርሩሃል እኮ» ስለው «እሱን ስመለስ እሰማዋለሁ» አለ። ሲመለስም ሰማው። ያንን ሰው ዛሬ ለዚህ ኬክ የጠራው የለም።

ችሎት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ጠበቃ ፈገግ እያለ «አፈር ተመልሶ አይፈጠርም ነው የሚሉን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይፈጠራል» አልኩ።

«እንግዲያው ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ከሳሹ ሳይበሉ እስከዚያ መቆየት ከቻሉ ምንም ጉዳት የለውም» አልኩት።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩት። ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

አሁን እናንተ ያልሰማችሁትን ልንገራችሁ። ክቡር ዳይሬክተር ሰምተዋል፤ ከስንብቴ በኋላ ሊያበስሯችሁ ይሆናል። ተፈርዶብናል። አፈሩ ወደ ኮረብታው ይመለሳል። እርከኑን የሚሠራው፣ ማሳው እህል እስኪሰጥ ድረስ ያንን ቤተሰብ የሚቀልበው መሥሪያ ቤቱ ነው። ሰኞ ሎደሩ ይገባል። ከንግግሩ በኋላ ሣሩ ላይ ፎቶ እንነሳለን ተብሏል መሰለኝ። እናንተ ተነሱ። እኔ አልነሳም።

ደግሞ አሸንፋ ልትፎክርብን ነው እንዳትሉ። ምን አሸነፍኩ? ላዩ ከታቹ ተደባልቆ፣ ትሉ ሞቶ፣ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በመኪና የሚመለስ አፈር የሄደው አፈር አይደለም። ፍርዱን ልነግራቸው ስሄድ ሰውየው መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።

«መቼ ነው እንደ ድሮው የሚሆን?»

መልሱን ባላውቀው ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «በእርስዎ ዕድሜ አይሆንም። በልጆችዎም» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ሎደሩ በየት በኩል ቢያልፍ ቀሪውን ማሳ እንደማይረግጠው ሊያሳዩኝ ከፊቴ ቀደሙ። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። ዛሬም እንደተቆጣሁ ነው የምወጣው። ይቅርታ ጠብቃችሁ ከሆነ አልያዝኩም።

ተሰናባች ደግሞ መመረቅ አለበት፤ እንግዲህ ልመርቅ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። በጣም ረጅም። ኮረብታው እስኪያገግም ድረስ በየማለዳው በዚያ በኩል ያሳልፍዎ። የላቦራቶሪ ኃላፊያችን፣ ጉሮሮህን ይክፈትልህ። የሕዝብ ግንኙነቷ እህቴ፣ መስኮትሽ ብርሃን አይጣ። ምድር ቤት ለሚወርደው ለቀጣዩ ሰው አምፖሉ ይለወጥለት፤ ይንጨረጨራል።

እናንተ አዲሶቹ፣ እናንተን ከልቤ ነው የምመርቃችሁ። ሥራችሁ ይቃናላችሁ። የሠራችሁትን ለማየት ያብቃችሁ። አንድ ቀን ስብሰባ መሀል ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እናንተ ብቻችሁን ትቆሙ ይሆናል። ያን ዕለት ወንበሩን ገፍቶ ከጎናችሁ የሚነሳ አንድ ሰው ይስጣችሁ።