የጋሽ ሜትር ማርማላታ

መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ፈልጎ አይደለም። እኔ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጉሮሮዬ የሚሆን ነገር ልገዛ ብገባ ወሬው ራሱ ቆሞ ጠበቀኝ። ከባንኮኒው ፊት ጎረቤቴ ጋሽ ሜትር ነበሩ። ጋሽ ሜትር ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስሙ የወጣላቸውም ሰላም ሲሉ እንኳ የሰውን ትከሻ በዓይናቸው ለክተው ስለሚያልፉ ነው። በሪባን የታሰረ የብስኩት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ከወጣቱ ፋርማሲስት ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ፋርማሲስቱ የባለቤታቸው የእህት ልጅ ነው።

የመጡት ለእጅ ቅባት ነበር። ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን የባለቤታቸውን ጣቶች ቁርጥማት ከያዛቸው ቆይቷል። ቅባቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የታጠፈውን ጣት አይዘረጋም። ጋሽ ሜትርን ግን ሌላም የከበዳቸው ነገር ነበር፤ እኔን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝም አሉ። ዳሩ ግን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ፊደል ያስቆጠርኩ መምህርት ነኝና ከእኔ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ያውቃሉ። ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ልጃቸው ወልዳለች። ቤቷ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። እትዬ ግን የልጅ ልጃቸውን እስካሁን ሄደው አላዩም። እትዬ የሰው ደጅ ሲረግጡ ባዶ እጃቸውን ሆነው አያውቁም፤ ወይ የብርቱካን ማርማላታ፣ ወይ የቲማቲም ስጎ፣ ወይ የሎሚና የዝንጅብል ሽሮፕ በጠርሙስ ይዘው ነው። አሁን ያ እጅ ብርቱካን መላጥ እንኳ ተሳነው። ጋሽ ሜትር መላ ያገኙ መስሏቸው ከትልቁ መደብር ብስኩት ገዝተው ቢያቀርቡላቸው፣ እትዬ ካርቶኑን አየት አድርገው፣ ይሄ እንግዳ ሰው የሚወስደው ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

"ልጅቷ በየቀኑ ትደውላለች" አሉ ጋሽ ሜትር። "እናቴን ምን አስቀየምኳት እያለች ታለቅሳለች። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ።"

ወጣቱ ቅባቱን በወረቀት እየጠቀለለ ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ ለምን አይሠሩትም?" አላቸው።

"ምኑን?"

"ማርማላታውን ነዋ።"

ጋሽ ሜትር ቀልድ መስሏቸው ሊስቁ ከጀሉ፤ የልጁን ፊት ሲያዩ ግን ሳቁ ከንፈራቸው ላይ ቀረ። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ድስት ሲያማስል ታይቶ እንደማያውቅ፣ ይህን ቢያደርጉ ዳማ የሚጫወቱባት አግዳሚ ወንበር ላይ ጓደኞቻቸው መቀመጫ እንደማይተዉላቸው በትሕትና፣ ግን በጥብቅ አስረዱት።

"ይመልከቱ፣ ጋሼ" አለ ፋርማሲስቱ፣ አንድ የሳል ሽሮፕ ከመደርደሪያው አንሥቶ። "እዚህ ውስጥ ስኳር አለ፣ ውሃ አለ። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መለካት፣ ማፍላትና ማጥለል ነው። ነጭ ጋውን ለብሼ ሳደርገው ሰው ዶክተር ይለኛል። ቤቴ ገብቼ ያንኑ ስኳር ከሎሚ ጋር ሳፈላው ለምን ነውር ይሆናል?"

"ያ ሙያ ነው። ደመወዝ ይከፈልበታል።"

"እንግዲያው ነውሩ ማማሰሉ ሳይሆን ለሚወዱት ሰው በነጻ ማማሰሉ ነው ማለት ነው።"

ጋሽ ሜትር ካርቶናቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ፤ ቅባቱን ረስተውት ሄዱ። እኔም አንባቢዬን ልጠይቅ፤ በዚያች ሰዓት ከሁለቱ የተማረው ማን ነበር? ወጣቱ በነገሩ ትክክል ነው፤ ሽማግሌን ሰው ፊት አፍ ማስያዝ ግን ማሸነፍ አይደለም። ይህንኑ ነገርኩት፤ አንገቱን ደፋ።

ቅባቱን ላደርስ እትዬ ዘንድ ጎራ አልኩ። ያ ጓዳ ድሮ ገና ከደረጃው ላይ በመዓዛው ይጠራኝ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ሽታ ከያዘኝ ሐሳቤ ይዞኝ ነው የሚሄደው፤ የብርቱካን ልጣጭ ሲፈላ የሸተተኝ እንደሆነ ልጅ እሆናለሁ፣ እናቴ ትመጣለች፣ የሌለ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እሞቃለሁ። አሁን ግን ጓዳው የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። የታጠቡት ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ አፋቸውን ደፍተው ተኝተዋል፤ የከሰዓት ፀሐይ በውስጣቸው እያለፈ ግድግዳው ላይ የሚንቀጠቀጥ ቢጫ ብርሃን ይጥላል። እትዬ ያንን ብርሃን እያዩ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላለሁ?" አሉኝ። "ልጁን ልቀፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም። ጠርሙሷ ብትኖር እንኳ እናትሽ መጣች ታሰኘኝ ነበር።"

አንጀቴን በሉት። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳስብ ፋርማሲስቱ አንድ ከረጢት ብርቱካን ተሸክሞ ገባ። መጀመሪያ ጋሽ ሜትር ወደተቀመጡበት ሳሎን ሄዶ በመድኃኒት ቤት ስለተናገረው ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ ይቅር አሉት። ብርቱካኑን ሲያዩ ግን ጋዜጣው ወረደ።

ክርክሩ እንደገና ተጀመረ፤ አሁን በለዘበ ቃል ነበር። ጋሽ ሜትር ሁሉ በየፈርጁ ነው፣ እኔ ድስት ብነካ ለእሷ ውርደት ነው እንጂ ክብር አይደለም አሉ። ወጣቱ ውርደቱ የማን እንደሆነ አክስቴን እንጠይቃት አለ። እኔ በበኩሌ በብዙ አገር ወንዶች ምግብ አብሳዮች እንዳሉ ልናገር ጀምሬ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም። ምክንያቱም እትዬ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር።

"ሠርጌ ዕለት የለበስኩትን ማን ሰፋው?" አሉ ባለቤታቸውን።

"እኔ።"

"ሰው ሁሉ ማን ሰፋልሽ ሲለኝ ባሌ እል ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምናገረው። በሌሎች ወንዶች ቤት መርፌ የሚይዙት ሚስቶቻቸው ናቸው፤ አንተ መርፌ በመያዝህ ግን አንድ ቀን አፍሬ አላውቅም።" ትንሽ ተነፈሱ። "አንተ የቀቀልከውን ይዤ ብሄድ የማፍር ይመስልሃል?"

ጋሽ ሜትር ተነሥተው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። እምባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም።

ያን ዕለት የተሠራው ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ቀላልነቱንም እዚህ ላይ ልጻፍ፣ የሚያነበው ሰው ነገ እንዲሞክረው። ብርቱካኑ ተላጠ፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ፣ መራራው ክፍል በቢላ ተፋቀ። ጋሽ ሜትር ልጣጩን አዲስ መቀስ አስጥበው እንደ ጨርቅ ጠርዝ እኩል እኩል ሲቆርጡት እትዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ እኔ እንኳ እንዲህ ቆርጬው አላውቅም አሉ። ልጣጩ መራራነቱ እንዲወጣለት በውሃ ተነክሮ አደረ።

በማግሥቱ ፋርማሲስቱ ጠርሙሶቹን ከነክዳናቸው ድስት ውስጥ ከትቶ አንተከተካቸው። እትዬ ድሮ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃኛል ይሉ ነበር፤ በዓይን የማይታየው ተሐዋሲ የሚሞተው ውሃው በደንብ ሲፈላ እንደሆነ ሲነግራቸው፣ አንዳንዱ ጠርሙስ ለምን ይሻግትብኝ እንደነበር አሁን ገባኝ ብለው ተቀበሉ። ልጣጩ ለስልሶ ከብርቱካኑ ጭማቂ ጋር ሲፈላ ስኳሩ ተጨመረ። የቀረው ማማሰል ብቻ ነበር።

ጋሽ ሜትር ግን ማማሰያውን ከመያዛቸው በፊት መስኮቱን ዘግተው መጋረጃውን ጥርቅም አድርገው ሳቡት። መስኮቱ ቁልቁል የሚያየው ዳማ የሚጫወቱባትን አግዳሚ ወንበር ነው፤ ጓደኞቻቸው በዚያ ሰዓት እዚያ ናቸው። እኛም አይተን እንዳላየን ሆንን። ጓዳው በእንፋሎት ተሞላ። ግድግዳው አላበው፣ መነጽሬ ጨለመብኝ፣ ሁላችንም በጣፋጭ ጉም ውስጥ የምንዋኝ መሰለን። ጋሽ ሜትር ያማስላሉ፤ ማርማላታው ግን ውሃ ውሃ እንዳለ ቀረ። እትዬ አንዲት ቀዝቃዛ ሰሃን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በጣት ግፉት፣ ከተጨማደደ ደርሷል ማለት ነው አሉን። ጠብ አደረግነው፤ ሰሃኑ ላይ ፈሰሰ።

ያኔ እትዬ ሳል ጀመራቸው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ ትንፋሽ እስኪያሳጥራቸው። ወጣቱ፣ ጋሼ መስኮቱ ይከፈት፣ እንፋሎቱ ካልወጣ እሱም አይረጋም፣ እሷም ትታፈናለች አላቸው። ጋሽ ሜትር እጃቸው አላረፈም፤ እንዳልሰሙ ሆኑ።

"በቃ እኔ ልውጣ፤ እናንተ ጨርሱ" አሉ እትዬ። እንዲህ ብለው የታጠፉ እጆቻቸውን ወንበሩ ላይ ደግፈው ተነሡ።

ጋሽ ሜትር ድስቱን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ማማሰያውን ለፋርማሲስቱ አቀብለው መጋረጃውን ገለጡና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት።

እንፋሎቱ እየተጥመለመለ ወጣ፤ ሽታውም ተከትሎት ወረደ። ከታች የዳማው ድምፅ ቆመ። ጡረታ የወጡት ሹፌር፣ የጋሽ ሜትር የዕድሜ ልክ ተፎካካሪ፣ ቀና ብለው፣ "ሜትር፣ እትዬ እጃቸው ዳነ እንዴ? ሽታው እኮ የሳቸው ነው" አሉ።

አዎ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አይመረምርም። እትዬም ከወንበራቸው ሆነው በዓይናቸው አዎ በል ይሏቸው ነበር፤ አየኋቸው።

"አልዳነም" አሉ ጋሽ ሜትር፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው። "እኔ ነኝ የምሠራው።"

እኔ ሳቁ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

"ልጣጩን ትዘፈዝፈዋለህ ወይስ እንዲሁ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ምን አገባህ?"

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኮ ዳቦ በሻይ ብቻ ነው።"

ጋሽ ሜትር፣ "ነገ ና" አሉ። "እጅህን ታጥበህ ና።"

ያን ጊዜ ሳቅ ተነሣ፤ ግን የፈራነው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። እትዬም እየሳሉ ሳቁ። አየር የገባበት ድስት ብዙም ሳይቆይ ወፈረ፤ ሰሃኑ ላይ የጣልነው ጠብታ በጣት ሲገፋ ተጨማደደ።

እንግዲህ የዚህ ነገር ጥቅሙ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ምክር ለመስጠት የተፈጠርኩ ሰው ነኝና ይቅር በሉኝ። ባልና ሚስት ሙያቸውን ቢካፈሉ አንዱ ሲታመም ቤቱ አብሮ አይታመምም። በቤት የተሠራ ነገር ምን እንደገባበት ይታወቃል፣ ከመደብሩ ይረክሳል፣ ጠርሙሱም በደንብ ከፈላ ከነጣዕሙ ይቆያል። ከሁሉ በላይ ግን ሙያ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ተይዞ ሲኖር ከዚያ እጅ ጋር ይደክማል፤ ሌላ እጅ ሲማረው ግን ባለሙያዋ ወንበር ላይ ተቀምጣም ባለሙያ ናት። ጋሽ ሜትር ዛሬ ስጎውንም ሽሮፑንም ይሠራሉ፤ ሹፌሩ ደግሞ ዳማው ላይ ስለ ስኳር ልክ ይከራከራሉ። መስኮቱ አይዘጋም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ሲመለሱ እትዬን ደረጃው ላይ አግኝቼ ማርማላታው እንዴት እንደተወደደ ጠየቅኳቸው። ስለ ምን እንደማወራ ግራ ገባቸው። ለካ ልጃቸው ቤት ጋሽ ሜትር ትራስ አጥፈው ክንዳቸው ሥር አድርገውላቸው ነበር፤ ልጁንም በዚያ ላይ አስተኝተውላቸው ነበር።

"መምህርት" አሉኝ፣ ክንዳቸውን አሁንም እንዳጠፉ። "ከባድ ነው እኮ። እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።"