ድንኳን ለቀስ በቀስ

(ደሴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ። ጋሽ ወንድይፍራው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ትርሲት የእድሩን መርዶ በስልክ መልእክት የሚያሰራጨውን ፕሮግራም የሠራች የሰፈር ልጅ ነች።)

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አይሆንም አልኩሽ። ድንኳን የሚወጣው ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ነው። ደንቡን በኮምፒውተር የጻፍሽው አንቺው ነሽ።

ትርሲት፦ ለአንድ ከሰዓት ብቻ፣ ጋሼ። እሁድ ተተክሎ እሁድ ይነቀላል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሟቹ የሰፈራችን ሰው ነው?

ትርሲት፦ የደብረ ታቦር።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ዘመድሽ ነው?

ትርሲት፦ አይደለም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እጮኛሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ ለአባትሽ አልናገርም።

ትርሲት፦ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ጋሼ። በአካል አይቼውም አላውቅ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ መልኩን የማታውቂውን ሰው ምን ብለሽ ልታለቅሺው ነው?

ትርሲት፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ተረቱን ለኔ ተይልኝና ነገሩን አስረጂኝ።

ትርሲት፦ ኢንተርኔት ላይ ማኅበር አለን። ፕሮግራም እንሠራና በነጻ እንለቀዋለን። ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ የተበላሸውን ያስተካክላል፣ ለራሱም ይወስዳል። ኦፕን ሶርስ ይባላል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ደቦ ነው በይኛ።

ትርሲት፦ አዎ፣ ደቦ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ጠላውስ?

ትርሲት፦ ጠላ የለውም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ያለ ጠላ ደቦ የሚወጣ ካለማ ጻድቅ ነው።

ትርሲት፦ እሱ እንደዚያ ነበር። እኛ «ቀስ በቀስ» ነበር የምንለው። ጀማሪ ሲጠይቅ ሌላው «ይሄ እንዴት ይጠፋሃል» ብሎ ያፌዛል፤ እሱ ግን «ቀስ በቀስ ይገባሃል፣ ና ከመጀመሪያው እንየው» ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላስቀየመም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አምስት ዓመት የእድር ዳኛ ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር።

ትርሲት፦ አይቀልዱ፣ ጋሼ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሺ። ታዲያ ወጉ ሟች ቤት ሄዶ መድረስ ነው። ደብረ ታቦር ሂዱ።

ትርሲት፦ ማን ነግሮን? ሳንሰማ ተቀበረ። እኔማ ሁለት ሳምንት ዝም ሲለኝ «ምነው ኮራህብን፣ ሰው እየጠበቀህ» ብዬ ጻፍኩለት። የመለሰችልኝ እህቱ ነች። «ወንድሜ ካረፈ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ሳልነግራችሁ በመዘግየቴ ይቅርታ» አለችኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሷ አንቺን ይቅርታ ጠየቀች?

ትርሲት፦ አዎ። ለሱ የጻፍኩት የመጨረሻ ቃል ወቀሳ ሆኖ ቀረ። እሁድ ከጂንካ፣ ከሐረር፣ ከነቀምቴ ሠላሳ ሰው ይመጣል። እህቱም ልጆቹን ይዛ ትመጣለች።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እንዴት ደሴን መረጣችሁ?

ትርሲት፦ ድንኳን አለን ብዬ ነዋ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሳታስፈቅጂኝ?

ትርሲት፦ ሳላስፈቅድዎ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አዝናለሁ ልጄ፣ ደንብ ደንብ ነው። ዛሬ ለማላውቀው ሰው ባወጣ ነገ መላው ወሎ ደጄ ላይ ይሰለፋል።

ትርሲት፦ ያውቁታል እኮ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔ? ከየት?

ትርሲት፦ አምና ሐምሌ፣ እርስዎ የሞቱ ጊዜ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ያንን ነገር እንዳታነሺብኝ። ሞተ የሚል መልእክት ለመንደሩ ሁሉ ደርሶ፣ ምሳዬን እየበላሁ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢዬን ሞላው። እትዬ አሰገደች እኔን አልፋኝ ሄዳ ሚስቴን አቅፋ አለቀሰች። ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ትርሲት፦ ከዚያ ስልክ አልተደወለልዎም?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ተደወለ እንጂ። አንድ ረጋ ያለ ሰውዬ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ፣ እንኳን ደህና ሆኑ» አለኝ። የስድብ መዓት አወረድኩበት። ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ደም ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ትርሲት፦ እሱ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ተይ እንጂ። በየወሩ እየደወለ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» የሚለኝ? ሰሞኑን ሲጠፋብኝ እኮ ተቀይሜው ነበር። ረሳኝ ብዬ።

ትርሲት፦ አልረሳዎትም፣ ጋሼ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ነፍሱን ይማረው። እኔም እንዳንቺ ሞቶ ሳለ ወቀስኩታ።

ትርሲት፦ ሌላም ልንገርዎ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ከመርዶው ግርጌ ያለውን የዳኛውን ስም ወስጄ ሟች በሚለው ቦታ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን በኢንተርኔት ፕሮግራሙን አብሮኝ አስተካከለና፣ «አንቺ ከጎረቤቶችሽ ጋር ትኖሪያለሽ፣ እኔን ግን የት ያገኙኛል» ብሎ ደወለልዎ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አንቺ ነሽ የገደልሽኝ?

ትርሲት፦ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሰማያዊውን ተዪው፣ ተቀዳዷል። አዲሱን ድንኳን አውጪ። ወንበር ስንት ይበቃችኋል?

ትርሲት፦ ሠላሳ አምስት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አርባ ይሁን። መርዶውን ግን ከመላክሽ በፊት እኔ ላንብበው፣ ደግሞ እንዳትቀብሪኝ።

ትርሲት፦ እሺ። ስሙ መምህር አጥናፉ ይመር ነው፣ ጻፍኩት። ዝምድና የሚለው ቦታ ግን ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ አይልክልኝም። ምን ልበል?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ወንድም በይ።

ትርሲት፦ የማን?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የኔ ነዋ። ሞቼ ሳለሁ ያስነሳኝ እሱ አይደል?