ሁሌ ሦስት የሚጎድለው አልጋ ልብስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን፤ አስካለ የታመመች እናቷን እያስታመመች በምትኖርበት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ታላቅ እህቷ ጥሩወርቅ የዳንቴል ቁራጮችን ሶፋው ላይ ዘርግፋ ትቆጥራለች።

ጥሩወርቅ፦ ስልሳ አንድ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፣ ስልሳ አንድ ነው። ለፋሲካ ስመጣም ስልሳ አንድ ነበር። የላክሁልሽ አምስት ጥቅል ክር የት ገባ?

አስካለ፦ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ጥሩወርቅ፦ እዚያው ውስጥ ከገባ ስልሳ ሁለት አይሆንም ነበር?

አስካለ፦ እኛ ቤት አይሆንም፣ እትዬ።

ጥሩወርቅ፦ ነገር አታድበስብሺብኝ። የቤዛዊት ሠርግ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ልጄ የአያቴን ዳንቴል አልጋዬ ላይ ካላነጠፍኩ ብላ ድርቅ ብላለች። ስልሳ አራት እንዲሞላ የጎደለው ሦስት ቁራጭ ነው። ከዚያ ማገጣጠም፣ ከዚያ ዙሪያውን መዝጋት። ይሄ ለአንቺ ምንሽ ነው?

አስካለ፦ "የባላገር ነው" ያልሽው እኮ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ማን? እኔ?

አስካለ፦ አንቺ። ልትዳሪ ስትይ፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ። እማዬ አርባኛውን ጨርሳ ላሳይሽ ብላ ስትደረድረው "አዲስ አበባ ይሄን የሚያነጥፍ ሰው የለም፣ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው" አልሻት። ሰብስባ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሃያ አራት ዓመት አልነካችውም።

ጥሩወርቅ፦ ልጅ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ፋሽን ሆነ፣ ምን ላድርግ?

አስካለ፦ ምንም አታድርጊ። እኔም ሥራው አልከበደኝም። ሦስቱንም ልሠራልሽ፣ ዙሪያውንም ልዝጋልሽ እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ነገ ስትሄጂ እማዬን ይዘሻት ሂጂ።

ጥሩወርቅ፦ ይኸው! መቼም አንድ ነገር ስጠይቅሽ አንጀቴን ሳታሳርሪው አትቀሪም።

አስካለ፦ ወረዳው ለትምህርት መርጦኛል ብዬ በስልክ ነግሬሻለሁ። ሁለት ዓመት፣ ባሕር ዳር፣ ደሞዜ ሳይቋረጥ ዲግሪዬን ይዤ እመለሳለሁ። ምዝገባው ሰኞ ነው። ነገ ጠዋት መኪና ካልያዝኩ ስሜ ይሰረዛል።

ጥሩወርቅ፦ ከሠርጉ በኋላ ቢሆንስ? አንድ ወር ብቻ። ለምኚያቸው፣ የታመመች እናት አለችኝ በያቸው።

አስካለ፦ አምና ለምኛቸዋለሁ። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው ብለሽኝ ነበር። ካቻምናም ለምኛለሁ፣ ቤት እየቀየርን ነው ብለሽኝ። ከዚያ በፊት ባለቤትሽን ወገቡን አሞት ነበር። ርእሰ መምህሩ ዘንድሮ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ "እናትሽን የምታስቀምጪበት ካጣሽ ከአሁኑ ንገሪኝ፣ ለሌላ ሰው ላሳልፈው" አለኝ። ሰው ሁሉ መልሴን ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል።

ጥሩወርቅ፦ ሠራተኛ ላፈላልግልሽ።

አስካለ፦ ለእኔ ነው ለእማዬ?

ጥሩወርቅ፦ አስኩዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነው ያለሁት። አሳንሰር የለው፣ ምን የለው። እሷን ጸሐይ ላውጣ ብል ማን ያወርዳታል?

አስካለ፦ እኔንስ ከዚህ ቤት ማን ያወጣኛል? አንደኛ ፎቅ እንኳ አይደለሁም፣ መሬት ላይ ነኝ። በሩም ክፍት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ከትምህርት ቤቱና ከገበያው አልፌ አላውቅም።

ጥሩወርቅ፦ እኔ የተመቸኝ ይመስልሻል?

አስካለ፦ አላልኩም። ተራው ደረሰሽ ነው ያልኩት።

ጥሩወርቅ፦ እሺ፣ እሱን በኋላ እንነጋገራለን። ዳንቴሉን ብቻ ንገሪኝ። እማዬ አርባ ላይ ካቆመች ሃያ አንዱን ማን ሠራው?

አስካለ፦ እኔ። አምና ነው የዳንቴል መርፌውን፣ ኪሮሹን የያዝኩት። መጀመሪያ የእኔ ከእሷ ጋር አልገጥም አለ። እሷ ክሩን ለቀቅ አድርጋ ነው የሠራችው፣ እኔ አጠብቀዋለሁ። ሁሉም በጣት በጣት ያንስ ነበር። ስንት ጊዜ ሠርቼ ፈታሁት። አንድ ቀን ሳላስበው ልክክ አለ። አሁን ብትደባልቂው የእሷ የቱ እንደሆነ፣ የእኔ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየው።

ጥሩወርቅ፦ ጎበዝ። ተክነሽበታል ማለት ነው።

አስካለ፦ የገጠመ ቀን ቁራጩን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

ጥሩወርቅ፦ ለዳንቴል?

አስካለ፦ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። እጄ ግን የእማዬ እጅ ሆኗል።

ጥሩወርቅ፦ እንዲህ አትበዪ እንጂ። ደግሞ እንዲህ ከቻልሽበት ለምን ስልሳ አንድ ላይ ቆመ?

አስካለ፦ አልቆመም። በየቀኑ እሠራለሁ። ጠዋት ስትነቃ ታለቅሳለች። አንድ ቁራጭ እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ልቅሶዋን ትተዋለች። ጫፉን በጣቷ ፈልጋ ታገኘውና ትተረትረዋለች። እኔ አስተምሬ እስክመለስ ጎረቤታችን እማማ ደብሪቱ አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ እሷ ደግሞ ትተረትራለች። ስመጣ ክሩ ጭኗ ላይ ተቆልሎ ይጠብቀኛል። እራት ካበላኋት በኋላ ጠቅልዬ፣ የተበጣጠሰውን አንቺ በላክሽው ክር እየተካሁ መልሼ እሠራዋለሁ። በማግስቱ ታፈርሰዋለች። ቤት በምውልበት ቀን ወዲያው መልሼ ስለምሠራው ነው አንቺ ስትመጪ ሁሌ ስልሳ አንድ የምታገኚው።

ጥሩወርቅ፦ ሌላ ነገር ስጪያታ። አሮጌ ሹራብ ስጪያት።

አስካለ፦ ሰጥቻታለሁ፣ ወርውራዋለች። ይሄን ነው የምትፈልገው። ሦስቱን ሠርቼ፣ አገጣጥሜ፣ ዙሪያውን ብዘጋው ላንቺ አልጋ ልብስ ይወጣልሻል። እሷ ግን የምትፈታው ታጣለች። ለፋሲካ የነገርኩሽ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ክር ላኪልኝ ብቻ ነው ያልኩሽ።

ጥሩወርቅ፦ ቆይ፣ ለምን ታፈርሰዋለች? ምን ብላ?

አስካለ፦ "ጠበቀ" ትላለች። "ጠበቀ፣ ጥሩዬ አትወደውም። ሠርጓ ደረሰ፣ ሳላሳምርላት።"

ጥሩወርቅ፦ እንደዚህ አለች?

አስካለ፦ በየቀኑ። አንቺ ስትመጪ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ስለምትሄጂ አልሰማሽም።

ጥሩወርቅ፦ ቅድም ገብቼ ስስማት እኮ አላወቀችኝም። "የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። ለፋሲካም እንደዚሁ። እውነቱን ልንገርሽ? እሷን ቤቴ ወስጄ በየማለዳው የማን ልጅ ነሽ እንድትለኝ ፈራሁ። ፈተናውም፣ ፎቁም፣ የሰውዬው ወገብም ሰበብ ነው።

አስካለ፦ አውቃለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ታውቂያለሽ?

አስካለ፦ እኔንም እኮ ጥሩዬ ነው የምትለኝ። ሳጥባት ጥሩዬ፣ ሳጎርሳት ጥሩዬ፣ ስደግፋት ጥሩዬ። ዘንድሮ አስካለ የት ሄደች ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም። አንቺንስ ቢያንስ የማን ልጅ ነሽ ብላ ትጠይቅሻለች። እኔ ያንን ባገኝ ደስ ባለኝ።

ጥሩወርቅ፦ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?

አስካለ፦ ዝም አላልኩም። በየዓመቱ ውሰጃት ብዬሻለሁ። ዘንድሮም እምቢ ካልሽ እቀራለሁ፣ ጥያት አልሄድም፣ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰኞ ስሜን ሰርዘው ለሌላ ሰው ይሰጡታል። እኔም ሰኞ ስልሳ አንደኛውን መልሼ እሠራለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ቤዛዊትንስ ምን ልበላት?

አስካለ፦ አያትሽ እስካሁን እያሳመረችው ነው በያት። ውሸት አይደለም።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ኪሮሽ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

አስካለ፦ እኔም አምና ነው የነካሁት።

ጥሩወርቅ፦ መጥበቁ አይቀርም። ጠበቀ ብላ ፊቴ ላይ ትወረውርልኛለች።

አስካለ፦ ትወረውርልሻለች።

ጥሩወርቅ፦ በይ ኪሮሹን ይዘሽ ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ከነገ ጀምሮ ቤቴ ወስጄ መልሼ የምሠራላት እኔ ከሆንኩ፣ መጀመሪያው በስንት የክር ሰንሰለት እንደሆነ አሳዪኝ።