ለአንድ ጊዜ ብቻ ፍቀድ

— ሄሎ... አቤት፣ ኮፒ ቤት ነው። ... ማን ልበል? ... እ... አንተ ነህ። በእጅ ስልኬ አላነሳ ስልህ በሱቁ ስልክ መጣህ?

— ድምፅህማ እንዴት ይጠፋኛል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነው፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፣ ልጄ የተመረቀች ዕለት። ፎቶ አንሺው "አባት ወደ መሐል!" ሲል እግሬን አነሳሁ። አንተ ደረቴን በመዳፍህ ገፋ አድርገህ፣ "አንተ ወላጅ ነህ፤ አባቷ እኔ ነኝ" አልከኝ። ፎቶ አንሺው ሳቀ። ግራጫ ኮት ነበር የለበስከው፤ አንድ ቁልፍ የጎደለው።

— ጋሼ? ዛሬ ደግሞ ጋሼ ሆንኩ? ታናሽ ወንድሜ መሆንህ ትዝ ያለህ ምን ፈልገህ ነው?

— የሠርጉ መጥሪያ? ደርሶኛል። በሱቁ ኢሜይል፣ አራት ቀኑ። ... ከፍቼዋለሁ እንጂ። አበባ አለው፤ ስሟ አለ፣ የሙሽራውም አለ። ከሥር አንድ ግራጫ ሣጥን፤ ቪዲዮ ነው ይላል፣ አይታይም። ከእሱ ሥር ሁለት ቁልፎች፤ "እመጣለሁ"፣ "አልመጣም"። ብትጫናቸው ንቅንቅ አይሉም።

— አልተበላሸም! እኔ ነኝ የዘጋሁት። ... አዎ፣ በገዛ እጄ። ... አምና አንድ ደንበኛ በፍላሽ ሰነድ አመጣ። ኮምፒውተሩ "ልፍቀድለት?" ሲለኝ "ፍቀድ" አልኩት። ለካ ውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ነበረበት፤ የአሥራ አንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ጠራርጎ በላው። ባለሱቁ በሰልፈኛው ፊት "ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ጣት!" አለኝ። ማክሰኞ ነበር። በማግስቱ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ የፈቃድ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ሰነድ የሚባል በራሱ ትእዛዝ እንዳይሠራ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ምስል እንዳያንቀሳቅስ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

— ቁልፎቹም በዚያው ታሰሩ፤ እነሱም በትእዛዝ ነዋ የሚሠሩት።

— መፍቻውን? ... አላውቀውም። ... እሺ፣ አውቀዋለሁ። አናቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ "ለአንድ ጊዜ ብቻ ፍቀድ" ይላል፣ "ይህን ሰነድ ሁልጊዜ እመን" ይላል። ... ማ፣ እኔ? ምን እፈራለሁ? ...

— እናቴ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፤ መታወቂያውን እዚያው ያስቀምጡልኝ።

— እህ... መልሱ እስከ ስድስት ሰዓት? የወንበሩ ዝርዝር ሊታተም? ... ላንተ ነግሬህ አንተ ልታደርስልኝ? አይሆንም! እናቷ በሞተች በወሩ፣ መንገድ ሥራ ስሄድ፣ "አንድ ዓመት ያዝልኝ" ብዬ ልጄን ሰጠሁህ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእኔ አፍ ስትናገር።

— አለቀሰች? ... መልሴ መጣ እያለች በየሰዓቱ ታያለች? ...

— ስለኔ የተናገረችው አለ? ቪዲዮው ላይ? ... ምን አለች? ... ላንተም አላሳየችህም። ... ሄሎ? ትሰማኛለህ? ስለኔ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?

— ቆይ እንግዲህ። ... ለአንድ ጊዜ ብቻ። ሁልጊዜ ማመኑንማ ከተውኩት ቆየሁ። ... ዝም በል! መጣች።

— እናቷን መስላለች። ... ዝም በል አልኩህ!

— ...

— ሰማህ? ... ወደዚያ አይሰማም? እኔ ልንገርህ። ፎቶ ይዛለች፤ የምረቃውን፣ አንተ መሐል ያለህበትን። "የሚድረኝ አባቴ ነው" አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ "ወላጅ አባቴም ቢገኝ ደስ ይለኛል።" አለቀ። ሙዚቃው ቀጠለ።

— ቢገኝ።

— አስጠንተሃታል አላልኩህም። ማስጠናት ምን ያደርጋል? ያን ዕለት ስትገፋኝ አጠገብህ ቆማ ነበር፤ አበባዋን ታቅፋ። ... በክፋት እንዳላለችው አውቃለሁ። እሱ እኮ ነው የከፋው።

— አዎ፣ ቁልፎቹ አሁን ይሠራሉ። ማውሱ ሲደርስባቸው ቀለማቸው ይለወጣል። ... ጣቴ? እዚሁ ናት።

— ምን? ... ይቅርታ? ... ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በጆሮ?

— ...

— ዘጋሁት። ... ሰነዱን ነው፤ ስልኩንማ ይኸው ይዤዋለሁ። ... አይ፣ ተመልሶ ቢከፈትም ግራጫ ነው። አንድ ጊዜ ነው የፈቀድኩለት።

— የቱን ተጫንክ ትለኛለህ... የቱን እንደተጫንኩ እሷው ታየዋለች።

— እናቴ፣ ይምጡ፣ ብዙ አስጠበቅኩዎት። ስልኩን እዚህ ላስቀምጠው፤ ግድ የለም፣ ይጩህ። ... አዎ፣ ቅድም ኮምፒውተሩ ላይ አዩዋት? ሙሽራ ናት። ... ቆንጆ ናት፣ ልክ ነዎት። ... የማን ልጅ?

— ፊትና ጀርባውን ነው? ስንት ቅጂ ነበር ያሉኝ?