የራሕማ እግር

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ጠዋት ነበር። እትዬ ዓይናለም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሲያዘግሙ፣ አንዲት ወጣት ከባጃጅ ወርዳ መንገዳቸው ላይ ቆመች። የጤና ጣቢያው ነርስ ፈይሩዝ ነበረች።

«እትዬ፣ አላህ ነው ያገናኘን! ወደ ቤትዎ እየመጣሁ ነበር።»

«ምነው ልጄ፣ በሰላም?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው። የእትዬ ራሕማ ነገር ቢያሳስበኝ ነው።»

ራሕማ የአጥር ጎረቤታቸው ናት። የእትዬ ዓይናለም ባል ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ደሳለኝ በከተማው የትምባሆ እርሻ ተቀጥረው ከመጡ ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች እሳትና ጨው ሲዋዋሱ ኖረዋል። አሁን ራሕማን የስኳር በሽታ ይዟት፣ ውስጥ እግሯ ቆስሏል። ልጇ ሳልህ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤት አይገኝም። የምታስታምማት ልጇ ሰሊማም አማቷ ሞተውባት ማጀቴ ከተማ ለቅሶ ላይ ናት።

«ሰሊማ እስክትመለስ ቁስሉን በየቀኑ የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል» አለች ፈይሩዝ። «እኔ በየሁለት ቀኑ እመጣለሁ፤ ከዚያ በላይ ሥራው አይለቀኝም። ትናንት ብሄድ የቡና ዱቄት ነስንሰውበት በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለውታል። በዚሁ ከቀጠለ እግራቸው መቆረጡ አይቀርም።»

«የቡናው ዱቄት ምን አጠፋ? እናቶቻችን በምን ዳኑና?»

«ላዩን ይደፍነዋል እንጂ ውስጡን አያድነውም፤ መግሉ ታፍኖ ይቀራል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ይደነዝዛል። አያመውም፤ ስላላመመውም የዳነ ይመስለዋል። እንዲህ እያለ አጥንት ይደርሳል።»

እትዬ ዓይናለም ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

«ልጄ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኔ ሩቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ መቁጠሪያዬን ይዤ ብቻዬን ስጸልይ ከርሜ፣ ንስሐ ገብቼ ቅዱስ ቁርባን የምቀበለው ለፋሲካ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ስሄድ ነው። ይህም ከቀረብኝ ምን ሃይማኖት አለኝ? ሰፈሩ ሙሉ ሰው ነው። ለእርሷ አንዲት ሴት ትጠፋለች?»

«ሰዉማ አልጠፋም። ይጠይቋቸዋል፤ ምግብ ያመጡላቸዋል። ቁስሉን ግን ከሽታው የተነሣ ደፍሮ የነካው የለም።»

በእትዬ ዓይናለም ለመፍረድ አንቸኩል። ከዓመት እስከ ዓመት የናፈቁትን ማዕድ መተው እንዴት እንደሚያንገበግብ የሚያውቅ የተራበ ብቻ ነው።

ፈይሩዝም ይህ ሳይገባት አልቀረም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በእምነትዎ ገብቼ መናገር አይገባኝም። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው፤ ነገ የምታከብሩት ምንድን ነው?»

«ጸሎተ ሐሙስን ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይደረጋል?»

«ካህኑ ወገቡን በፎጣ ታጥቆ፣ ከምእመናኑ እግር ሥር ተንበርክኮ ያጥባል።»

«ካህኑ ራሳቸው? ለምን?»

«ጌታ ‹እናንተም እንዲሁ አድርጉ› ብሎ ስላዘዘ ነዋ! እኔ ጌታችሁ ሆኜ ካጠብኳችሁ እናንተም እርስ በርሳችሁ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።  ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡሱ ረዳት «አዲስ አበባ! የቀረው አንድ ሰው ነው!» እያለ ይጣራል።

«እኔ እኮ ካህን አይደለሁም» አሉ እትዬ ዓይናለም። «ሽታም አይሆንልኝም።»

«እኔ አሳይዎታለሁ፤ ሲለምዱት ይቀላል።»

ሴትዮዋ ረዳቱን አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩትና መንገዱን ወደ ሰፈራቸው ያዙት።

ራሕማ የመጡበትን ጉዳይ ስትሰማ እግሯን ሰበሰበች። «አስተግፊሩላህ! አንቺ የኔን እግር? ያውም በበዓልሽ? አይሆንም!»

«ዝም በይ። ደሳለኝ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛዬን ስታስተናግዱ የከረማችሁት እናንተ አይደላችሁም? ‹አይሆንም› ብያችሁ ነበር?»

ራሕማ እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋች።

ፈይሩዝ እያንዳንዱን ነገር አሳየቻቸው። ውሃው ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ በደነዘዘ እግር ሙቀቱ ስለማይታወቅ አስታማሚዋ በክርኗ ትሞክረዋለች። እጅ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል፤ በጣቶች መካከል እርጥበት አይተውም፤ ቁስሉ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈናል እንጂ ዱቄትም ቅጠልም አይነካውም። የመጀመሪያው ቀን እትዬ ዓይናለም ከሽታው የተነሣ ፊታቸውን አዙረው «ጸጋ የሞላሽ ማርያም» አሉና ተመለሱበት። በማግስቱ፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ብቻቸውን አጠቡ። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ግን የቅዳሴው ዜማ በሐሳባቸው መጣና ፋሻውን እየጠቀለሉ እንባቸው ወረደ። ራሕማ አይታ፣ «ባትቀሪ ይሻልሽ ነበር» አለች። «አይ» አሉ እትዬ ዓይናለም፣ «ናፍቆት ነው እንጂ ጸጸት አይደለም።»

ሰሊማ ከለቅሶ ስትመለስ ያንኑ ሥራ ከእርሳቸው ተማረች። ቁስሉ ከሥር ሥጋ እየሞላ ጠበበ፤ ዝናብ ሳይጥል ራሕማ በሁለት እግሯ ቆመች። ይህን ያዩ የሰፈሩ ሴቶች የቡና ዱቄት ከቁስል አራቁ፤ ስኳር ያለበትም ሁሉ ምንም ባያመው እግሩን በየማታው እያገላበጠ ማየት ጀመረ። በጊዜ የታጠበ ቁስል እግር ያተርፋል፤ የተረፈ እግር ቤት ያቆማል። እትዬ ዓይናለምም ያገኙት አለ። ቀድሞ ሃይማኖታቸው ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ይመስላቸው ነበር፤ አሁን ጠዋት ሲነሡ አብሯቸው የሚነሣ ሆኗል።

በጰራቅሊጦስ ሰሞን አዲስ አበባ ሄዱና ካህኑ ፊት ተንበረከኩ። «አባ፣ ለፋሲካ ቀረሁ» ብለው ምክንያቱን ዘርዝረው ነገሯቸው።

ካህኑ እስኪጨርሱ አዳመጧቸው። «የፋሲካ ወራት እስከ ጰራቅሊጦስ ነው፤ ቁርባኑ አላመለጠዎትም» አሉ። «ለመሆኑ ሴትዮዋ ደህና ናት?»

«ትሮጣለች» አሉ እትዬ ዓይናለም።