የቅሬው ሦስተኛ ፊርማ

ደሴ፤ እሑድ ረፋድ። ዕድርን ቅሬ በሚሉበት ሰፈር፣ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ የቅሬው ዳኛ ሻምበል ይመር ለገንዘብ ያዥዋ ለወይዘሮ ዘሀራ እስክሪብቶ ዘርግተውላታል፤ አባላቱ ውጭ ይጠብቃሉ።

ዘሀራ፦ አልፈርምም ብያለሁ፣ አልፈርምም! እስክሪብቶውን ከፊቴ ያንሱልኝ።

ይመር፦ እኔ ፈርሜያለሁ፣ ጸሐፊው ፈርሟል። የቀረው ያንቺ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አንቺን ይጠብቃል!

ዘሀራ፦ ይጠብቃ! ሦስት ፊርማ የተባለው እኮ ሁለቱ ሲሳሳቱ አንዱ እንዲይዝ ነው።

ይመር፦ ማን ነው የተሳሳተው? አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜ ልክሽን በርበሬ ስትሰፍሪ ኖረሽ ዛሬ ስለ ቦንድ ልታስተምሪኝ ነው?

ዘሀራ፦ በርበሬ ስሰፍር ነው ከፋይና ከሐዲ የለየሁት። እሺ፣ እርስዎ ያስተምሩኝ። ቦንዱ የማን ነው?

ይመር፦ ስንት ጊዜ ልንገርሽ! የወይራ አምባ ሕንፃ ሥራ ኩባንያ። ገንዘባችንን እናበድረዋለን፤ በየዓመቱ ሃያ አራት በመቶ ወለድ ይከፍለናል፤ በአምስተኛው ዓመት ዋናውን ይመልሳል። አክሲዮን አይደለም። አተረፈም አላተረፈም ወለዱን መክፈል ግዴታው ነው።

ዘሀራ፦ ቢከስርስ?

ይመር፦ ቢከስር ከባለአክሲዮኖቹ በፊት የሚከፈለው ለእኛ ነው። ሕግ ነው!

ዘሀራ፦ የሚከፈል ነገር ከተረፈ ነዋ! እሱንም ጨምረው ይናገሩ እንጂ። ለመሆኑ ምን አስይዟል? ሕንፃ? መሬት?

ይመር፦ ስሙ ይበቃል። እንዲህ ያለ ኩባንያ መያዣ አይጠየቅም።

ዘሀራ፦ እኔ ግን ጠይቄያለሁ። ማክሰኞ ባንክ ሄጄ ነበር።

ይመር፦ ከጀርባዬ?

ዘሀራ፦ አዎ፣ ከጀርባዎ! ፊት ለፊት ስጠይቅዎ ይጮሁብኛላ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ልጅ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። መንግሥት የሚያወጣው ቦንድ አለ፤ ወለዱ አነስ ያለ፣ ስጋቱም አነስ ያለ። ከመንግሥቱም ዓመታት የሚቆይ አለ፣ በሦስት ወር የሚመለስ የግምጃ ቤት ሰነድ የሚሉት አለ። የኩባንያ ሲሆን ደግሞ፣ መያዣ ያለውና የሌለው አንድ አይደለም አለችኝ። ሃያ አራት በመቶ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ያለ መያዣ ይሄን ያህል የሚከፍል ሰው ሌላ አበዳሪ አጥቶ ነው።»

ይመር፦ ያቺ ምን ታውቃለች! ባንክ ያስቀመጥነው ብር በቁሙ እያለቀ እንደሆነ አታዪም? አምና ይሄን ድንኳን የገዛንበት ገንዘብ ዘንድሮ ሸራውን ብቻ አይገዛም። ዝም ብሎ ማስቀመጥም ኪሳራ ነው። ይሄንንስ ነገረችሽ?

ዘሀራ፦ ነገረችኝ። እሱ ላይ እውነትዎን ነው። ለዚህ እኮ ነው ሲሶውን በሦስት ወሩ ሰነድ እናድርገው፣ የቀረው እጃችን ላይ ይሁን ያልኩት። እርስዎ ግን ሙልጭ አድርገን ካልሰጠን አሉ።

ይመር፦ በሲሶ ምን ሊገኝ! ፈሪ ነሽ፣ ሌላ ምንም አይደለሽም!

ዘሀራ፦ ወላሂ ፈሪ ነኝ! ሰይድ ሙሄ በረመዳን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አረፈ፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረ። በዚያች ሰዓት ውስጥ ለከፈኑ፣ ለቆፋሪው፣ ለልጆቹ የሚሰጠውን ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ እማማ ወርቄ ሞቱ። ብሩ ያኔ ኩባንያው ጋ ቢሆን ለቤተሰቡ ምን ልል ነበር? አምስት ዓመት ታገሱ?

ይመር፦ ከቸገረን ቦንዱን ለሌላ ሰው እንሸጠዋለን። ሰው አገር ሙሉ ነው።

ዘሀራ፦ በስንት?

ይመር፦ በ... በገበያው ዋጋ ነዋ።

ዘሀራ፦ ምን ያንተባትብዎታል? እስቲ ወረቀቱን ያምጡት።

ይመር፦ አይተሽዋል።

ዘሀራ፦ ላዩን ነው ያየሁት። ይሄ በስቴፕለር የተመታበት ደብዳቤ ከሥሩ ምን ሸፍኗል?

ይመር፦ ተይው! ትቀጂዋለሽ!

ዘሀራ፦ እጄን ይልቀቁ! ልጩህና ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ይግባ?... እንደሱ። «የተሰጠበት ቀን፣ ጥቅምት አምስት።» የአምና ጥቅምት! ሻምበል፣ ይሄ አዲስ ቦንድ አይደለም እኮ። «የቦንዱ ባለቤት...» ያ ረቢ! «ሻምበል ይመር አሰን።»

ይመር፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ዘሀራ፦ አልቀንስም! የራስዎን ቦንድ ነው ለቅሬው ሊሸጡ የነበረው? ያ ሁሉ «እናድግ፣ እንለወጥ» ለዚህ ነው?

ይመር፦ ወረቀቱ ደህና ወረቀት ነው! ኩባንያው አልከሰረም። የመጀመሪያውን ዓመት ወለድ ቆጥሮ ሰጥቶኛል።

ዘሀራ፦ ታዲያ ደህና ከሆነ ለምን አይይዙትም?

ይመር፦ የባለቤቴ የሐዋ ዓይን ነዋ! ሐኪሙ በሁለት ወር ውስጥ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች አታይም አለኝ። ለጡረታዬ ያጠራቀምኩትን አንድ ሳንቲም ሳላስቀር እዚህ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ኩባንያው ሄጄ ብለምናቸው ጊዜው ሲደርስ ና አሉኝ። የሚገዛኝ ሰው ብፈልግ በግማሽ ዋጋ ጠየቁኝ። በግማሽ!

ዘሀራ፦ አላህ ይይልዎት! ለሐዋ ዓይን ብለው ቢመጡ ማን በር ይዘጋብዎት ነበር? እኔ ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ አላዋጣም?

ይመር፦ ይመር አሰን ቤት ለቤት ሊለመንለት? ያውም በበርበሬ ነጋዴ? ሞቼ ነው!

ዘሀራ፦ የሟች ገንዘብ መንካቱ ግን አላሳፈረዎትም።

ይመር፦ አልሰረቅሁም! ቅሬው ወለዱም አይቀርበት፣ ዋናውም አይጎድልበት። መጠበቅ ብቻ ነው። ስድሳ አባወራ ያለው ቅሬ አራት ዓመት መጠበቅ ያቅተዋል? ፈርሚ!

ዘሀራ፦ ሻምበል፣ እርስዎ በቁምዎ መጠበቅ ያቃተዎትን እኛ ሬሳ አስተኝተን እንጠብቅልዎ?